ሼል ጋዝ ሲመጣ ሕዝቡ በየት በኩል ይግባ? የተሳትፎና የቁጥጥር መንገዶች ሲነጻጸሩ

ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። በዚህ አካባቢ የጋዝ ፍለጋ ፈቃድ ተጠይቋል፤ ሰነዱ ቢሮ ይገኛል፤ አስተያየት ያለው እስከዚህ ቀን ድረስ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። ሰነዱ ሲከፈት ብዙ መቶ ገጽ ነው። ቀኑ ሲቆጠር ደግሞ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ሰው ይሰበሰባል፤ ሁሉም በአንዴ ያወራል። አንዱ “እንቃወም” ይላል። ሌላው “ሥራ ይዞ ይመጣል፣ ዝም ብለን እንይ” ይላል። ሦስተኛው ከኋላ ተቀምጦ “ብንናገርስ ማን ይሰማናል?” ይላል።

ይህን የምጽፈው ለሦስተኛው ሰው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን “ማንም አይሰማችሁም” አይደለም። መሰማት አለመሰማታችሁን የሚወስነው በአብዛኛው የገባችሁበት በር ነው።

በሼል ጋዝ ጉዳይ በየአገሩ ብዙ መንገድ ተሞክሯል። አንዳንዱ ሥራውን ከነጭራሹ አስቁሟል። አንዳንዱ ሥራው እንዲቀጥል አድርጎ ጉዳቱን ቀንሷል። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ሰብስቦ፣ ፊርማ አስፈርሞ ከመበተን ያለፈ የፈየደው የለም። እኔ መንገዶቹን የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። የምንጠየቀው መቼ ነው? የተናገርነው ወይም የለካነው ነገርስ ሥራውን ማስቆም ይችላል ወይ? ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የሚጠበቀው ምኑ ነው?

ሼል ከጥንት ጭቃ የተጠቀጠቀ አለት ነው። ጋዙ በአለቱ ውስጥ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ታስሮ ይኖራል። ለማውጣት ጉድጓዱ መጀመሪያ ቁልቁል ይቆፈራል፤ ከዚያ ወደ ጎን ይታጠፋል። ቀጥሎ ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል ተደባልቆ በከፍተኛ ግፊት ይገባና አለቱን ይሰነጥቀዋል። ፍራኪንግ የሚባለው ይህ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ ጉድጓድ ከ5.7 ሚሊዮን እስከ 60 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ ሊፈጅ ይችላል። ከገባው ውሃ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣ ግን ጨው፣ ብረታ ብረትና አንዳንዴም ከምድር ውስጥ የመጣ ጨረር አመንጪ ነገር ይዞ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከአንድ ቦታ አይደለም። ሥራው ሳይጀመር የውሃ ምንጩ ሊሟጠጥ ይችላል። ሲቆፈር የብረት ቱቦውና ሲሚንቶው በደንብ ካልያዘ ሚቴን፣ ማለትም ጋዙ ራሱ፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊሾልክ ይችላል። ቆሻሻው ውሃ ሲጓጓዝ ሊፈስ ይችላል። ተመልሶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር መሬት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 መጨረሻ ባወጣው ትልቅ ግምገማ፣ ሥራው በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን እንደሚጎዳ አረጋግጧል። “በአንዳንድ ሁኔታዎች” የሚለው ቃል ልብ ይባል። ሁሌም አይደለም፤ የለም ማለትም አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚደረግ አንድ ስብሰባ ብቻውን አይበቃም።

የጽሑፍ አስተያየት

ይህ በጣም የተለመደው መንገድ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ማንም ቤቱ ተቀምጦ ይጽፋል። አቅሙ ግን ውስን ነው። ብዙ አገር ውስጥ ባለሥልጣኑ አስተያየቱን “ከግምት ውስጥ አስገብቻለሁ” ብሎ ማለፍ ይችላል።

ሆኖም ትልቅ ለውጥ ያመጣበት ጊዜ አለ። በኒው ዮርክ ግዛት በ2008 የተጀመረው ግምገማ ዓመታት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከ260,000 በላይ አስተያየት ቀረበ። በታኅሣሥ 2014 ግዛቱ ፍራኪንግ እንደማይፈቅድ አስታወቀ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት የአስተያየቱን ብዛት አይደለም። ዋናው ነገር ግምገማው እስኪያልቅ ድረስ ሰፊ ፍራኪንግ ፈቃድ አለማግኘቱ ነው። ጊዜው ከሕዝቡ ጎን ነበር። ሌላው ደግሞ የጤና ጥያቄው በግምገማው መሃል ተነሥቶ፣ ለግዛቱ የጤና ኃላፊ ተመርቶ መልስ እንዲያገኝ መደረጉ ነው።

አስተያየት የምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። “ፕሮጀክቱ አካባቢያችንን ይጎዳል” የሚል ደብዳቤ አንድ መቶ ቢሆንም መልሱ አንድ መስመር ነው። በምትኩ ሰነዱን ገልጣችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ “በዚህ ገጽ ላይ ቆሻሻው ውሃ በቦቴ መኪና ይወሰዳል ይላል። ወዴት እንደሚወሰድ ግን አይልም። መኪኖቹ በቀን ስንት ጊዜ በትምህርት ቤቱ በር ያልፋሉ? ቢገለበጡ ማን ይጠራል?” እንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ መስመር አይታለፍም። መልስ ሳይሰጠው ከቀረም በኋላ ፍርድ ቤት ስትሄዱ ማስረጃ ይሆናችኋል።

የሕዝብ መድረክ፣ ግን ማን ይምራው?

መድረክ ሁሉ አንድ አይደለም። ኩባንያው አዳራሽ ተከራይቶ፣ የራሱን ባለሙያ አቁሞ፣ በራሱ ሥዕል የሚያስረዳበት መድረክ አለ። ይህ ማስተዋወቂያ እንጂ ተሳትፎ አይደለም። ተገኙ፣ ጠይቁ፣ መዝግቡ፤ ግን “ሕዝቡን አወያይተናል” የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የተገኛችሁበት ፊርማ የተስማማችሁበት ሆኖ ሲቀርብ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ገለልተኛ አካል የሚመራው መድረክ ሌላ ነገር ነው። ከማውቃቸው ሁሉ የካናዳዋ ኩቤክ አሠራር ይበልጥብኛል። እዚያ ከ1978 ጀምሮ የአካባቢ ጉዳዮችን ለሕዝብ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ ቢሮ አለ። መድረኩ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ሰው ሐሳብ አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ኩባንያውና የመንግሥት ባለሙያዎች ሕዝብ ፊት ቀርበው ይመልሳሉ። ከዚያ እረፍት ይሰጣል፤ ሰው ያነባል፣ ይማከራል። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሐሳቡን በቃልም በጽሑፍም ያቀርባል። በመጨረሻ ሪፖርቱ ለሚኒስትሩ ይሄዳል፤ ለሕዝብም ይወጣል።

ይህ አካሄድ ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሰው መጀመሪያ አውቆ ነው የሚናገረው። በአብዛኛው መድረክ ላይ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሲሚንቶ ጥራት ሰምቶ፣ እዚያው አስተያየት ስጥ ይባላል። ማን ይችላል?

ኩቤክ በሼል ጋዝ ላይ ከ2010 ጀምሮ በዚህ መንገድ መከረች። የቢሮው የ2014 ሪፖርት ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አልታየም አለ። በ2022 ደግሞ ግዛቷ የነዳጅና የጋዝ ፍለጋን በሕግ አቆመች።

መድረክ ሁልጊዜ “አይሆንም” ብሎ አያልቅም። በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት በ2016 ጊዜያዊ እገዳ ተጥሎ የሳይንስ አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ቡድኑ በየከተማውና በየነባር ሕዝቡ መንደር እየዞረ ሰው አነጋገረ። በ2018 ሪፖርቱ 135 ምክረ ሐሳብ ይዞ ወጣ፤ እገዳውም ተነሣ። ያ ሥራ ከንቱ አይደለም። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ በእጁ ላይ የሚቆጥረው 135 ነገር አለው። “ይኸኛው ተፈጸመ ወይ?” ማለት ይችላል። የመድረክ ዋና ድክመት ግን ይኸው ነው፦ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ውሳኔውን ወደ አካባቢ መሳብ

ብዙ ሰው ልቡ የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው። “ራሳችን ድምፅ ሰጥተን እንወስን።” ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሳይጠየቅ የሚዘለል አንድ ጥያቄ አለ፦ ሕጉ ይህን ሥልጣን ለአካባቢው ሰጥቶታል ወይ?

ሁለት ከተሞችን ተመልከቱ። በኒው ዮርክ ግዛት ድራይደን የምትባል ትንሽ ከተማ በመሬት አጠቃቀም ደንቧ ፍራኪንግን ከለከለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። በሰኔ 2014 የግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከተማዋ ይህን ማድረግ ትችላለች ብሎ ፈረደላት። በዚያው ዓመት በኅዳር ቴክሳስ ውስጥ ዴንተን ከተማ ድምፅ ሰጠች። ወደ 59 በመቶ የሚሆነው መራጭ ፍራኪንግ ይታገድ አለ። ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ የግዛቱ ሕግ አውጪ እንዲህ ያለውን የከተማ እገዳ የሚሽር ሕግ አጸደቀ። በሰኔ 2015 የከተማዋ ምክር ቤት እገዳውን ራሱ አነሣ። በኮሎራዶ የሎንግሞንት ሕዝብ በ2012 የወሰነውን እገዳም በ2016 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽሮታል።

እንግሊዝ አገር ደግሞ የላንክሻየር ምክር ቤት በ2015 ፕሬስተን ኒው ሮድ በሚባለው ቦታ ፍራኪንግ አይሆንም አለ። በ2016 ማዕከላዊው መንግሥት ውሳኔውን ገለበጠው። ሰዎቹ በሰላማዊ መንገድ፣ በሕጉ መሠረት፣ በተመረጡ ወኪሎቻቸው በኩል “አይሆንም” ብለው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አንድን ማኅበረሰብ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ያም ሆኖ ይህን በር ዝጉት አልልም። በፔንሲልቬኒያ በ2012 የወጣ ሕግ የከተሞችን የመሬት አጠቃቀም ሥልጣን ነጥቆ ነበር። ከተሞች ከሰሱ። በታኅሣሥ 2013 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን የሕጉን ክፍል ሻረው። የውሳኔው ዋና ምክንያት የተጻፈው ደግሞ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ባለ አንድ አንቀጽ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ሕዝቡ ንጹህ አየርና ንጹህ ውሃ የማግኘት መብት አለው የሚል። በኮሎራዶም ቢሆን ነገሩ እዚያ አልቀረም። በ2019 የወጣ ሕግ ለአካባቢ መስተዳድሮች ተጨማሪ ሥልጣን ሰጠ። ከዚያም አዲስ ጉድጓድ ከመኖሪያ ቤት በመርህ ደረጃ 2,000 ጫማ፣ ማለትም 610 ሜትር ገደማ ይራቅ ተባለ።

ስለዚህ ድምፅ ለማሰጠት ገንዘብና ጉልበት ከማፍሰሳችሁ በፊት አንድ ሕግ አዋቂ አማክሩ። የላይኛው አካል ሊሽረው የሚችል ከሆነ ድምፁ መልእክት ማስተላለፊያ ነው። መልእክትም ዋጋ አለው፤ ግን ሰዉ አስቀድሞ ይወቀው። አለበለዚያ ካሸነፈ በኋላ ሲሻርበት ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይገባል።

ስምምነትና የጥቅም ድርሻ

አንዳንዴ ኩባንያው ገንዘብ ይዞ ይመጣል። በእንግሊዝ ኢንዱስትሪው ለአንድ የፍራኪንግ ቦታ 100,000 ፓውንድ፣ ጋዝ ከወጣ ደግሞ ከገቢው 1 በመቶ ለአካባቢው እሰጣለሁ ብሎ ነበር። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ በዚህ መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ አልንቀውም። ግን ሁለት ነገር አይደባለቅ። ገንዘቡ የቁጥጥር ምትክ አይደለም። ውሉ ውስጥ ደግሞ “ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አልናገርም” የሚል አንቀጽ ካለ አትፈርሙ። ውሃው ቢበላሽ ለጎረቤት መናገር የማይችል ሰው ምን ካሳ ይበቃዋል?

ነባር ሕዝቦች ያሉበት መሬት ከሆነ ከዚህ ከፍ ያለ መለኪያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የ2007 መግለጫ በነጻነት፣ አስቀድሞ፣ በቂ መረጃ አግኝቶ የሚሰጥ ፈቃድን ያነሣል። “አስቀድሞ” የሚለው ቃል ለሁላችንም ይሠራል። በአካባቢ ጉዳይ የመረጃና የተሳትፎ መብትን የሚደነግገው የ1998ቱ የኦርሁስ ስምምነትም ሕዝቡ መሳተፍ ያለበት ገና ከጅምሩ፣ ሁሉም አማራጭ ክፍት በሆነበት ሰዓት ነው ይላል። በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን በ2018 የተፈረመው የኤስካሱ ስምምነት አንድ ነገር ጨምሮበታል፤ ስለ አካባቢ የሚሟገቱ ሰዎች ራሳቸው ጥበቃ ይገባቸዋል ይላል። አገራችሁ የእነዚህ ስምምነቶች አባል ከሆነች ደብዳቤያችሁ ላይ አንቀጹን ጥቀሱ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ነገር በዚህ ዘርፍ በጣም ይሠራል። ፈቃዱ ተፈርሞ፣ መንገዱ ተጠርጎ፣ ማሽኑ ቆሞ የሚጠራ ስብሰባ ላይ የሚቀረው ጥያቄ “ይሁን ወይስ አይሁን” አይደለም፤ “ስንት ይከፈለን” ነው።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ፦ ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

በመንግሥት ተቆጣጣሪ ልጀምር። ሕጋዊ ሥልጣን ያለው እሱ ነው። በር አስከፍቶ ይገባል፣ ይቀጣል፣ ሥራ ያስቆማል። ይህን የሚተካው የለም። ችግሩ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ እጁ ኢንቨስትመንት ሲስብ፣ በሌላው እጁ ሲቆጣጠር ነው። በደቡብ አፍሪካ የካሩ በረሃ ጉዳይ ላይ የሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። የማዕድን ሚኒስትሩ በ2015 የፍራኪንግ ደንብ አወጡ። በ2019 የአገሪቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ ውድቅ ነው አለ። ምክንያቱ ሚኒስትሩ የአካባቢ ጥበቃ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የላቸውም የሚል ነበር። የኮሎራዶው የ2019 ሕግም የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ተልእኮ ልማቱን ከማበረታታት ወደ መቆጣጠር ለውጦታል። እናንተም ጠይቁ፦ ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለማን ነው? ስንት ሰው አለው? ለስንት ጉድጓድ?

ኩባንያው ራሱ የሚያቀርበው ሪፖርትም አለ። መሣሪያውም ባለሙያውም ያለው እሱ ዘንድ ስለሆነ ያለ እሱ መረጃ አይሟላም። ግን ብቻውን ሲሆን ችግር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያዎች የተጠቀሙትን ኬሚካል የሚመዘግቡበት ፍራክፎከስ የሚባል መዝገብ በ2011 ተከፍቷል። ማንም ሊያየው ይችላል። ነገር ግን “የንግድ ምስጢር” በሚል አንዳንዱ ኬሚካል ስሙ ሳይገለጽ ያልፋል። ስሙን የማያውቁትን ነገር ደግሞ ውሃ ውስጥ መፈለግ ከባድ ነው። ስለዚህ ምስጢሩ ከሕዝብ ቢሸሸግ እንኳ ለተቆጣጣሪውና ለሐኪም ክፍት እንዲሆን ጠይቁ።

ሦስተኛው ገለልተኛ ተቋም ነው። እንግሊዝን በአንድ ነገር የማደንቃት እዚህ ላይ ነው። በ2011 ብላክፑል አጠገብ በተደረገ ፍራኪንግ በሬክተር መለኪያ እስከ 2.3 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ። ከዚያ በኋላ እንደ ትራፊክ መብራት የሚሠራ ሥርዓት ወጣ። ፍራኪንጉ በመካሄድ ላይ እያለ 0.5 ወይም ከዚያ በላይ መንቀጥቀጥ ከተመዘገበ ቀይ ነው። ፓምፑ ቢያንስ ለ18 ሰዓት ይቆማል። 0.5 ማለት ሰው ጨርሶ የማይሰማው ነው። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ተቋም ደግሞ የመንቀጥቀጡን መረጃ በየጊዜው ለሕዝብ ያወጣ ነበር። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ልክ እንደ ባለሥልጣኑ ቁጥሩን ያያል። በነሐሴ 26 ቀን 2019 በፕሬስተን ኒው ሮድ 2.9 ተመዘገበ። በኅዳር መጀመሪያ መንግሥት በእንግሊዝ ፍራኪንግን አገደ።

የላንክሻየር ምክር ቤት በ2015 “አይሆንም” ብሎ ያላስቆመውን፣ አስቀድሞ የተስማሙበት ቁጥር ለማስቆም ረዳ። እኔ ደጋግሜ የማስበው ነገር ይህ ነው። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ክርክር ይሆን ነበር፤ “ትንሽ ነው”፣ “አይደለም” እየተባባሉ ዓመት ያልፋል። ፍጹም ግን አይደለም። የ2.9ኙ መንቀጥቀጥ የመጣው ፓምፑ በማይሠራበት ሰዓት ነው። ቀይ ከበራ በኋላም መሬቱ ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው የማኅበረሰቡ የራሱ ክትትል ነው። በፔንሲልቬኒያ ከ2010 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ወንዝ እየሄዱ ይለካሉ። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ጫፉን ውሃው ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጨምራችሁ ትጽፋላችሁ። የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ከሼል ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ወደ ወንዙ ቢገባ ቁጥሩ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ ውሃው ተቀድቶ ባሪየምና ስትሮንቲየም እንዲፈተሽ ላቦራቶሪ ይላካል። እነዚህ ሁለቱ ከጥልቅ አለት መምጣቱን ይጠቁማሉ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨውም ቁጥሩን ስለሚያስወጣ፣ አንድ ልኬት ብቻ ይዞ “ያዝናቸው” ማለት አይቻልም። የሳምንታት መዝገብ ያለው ሰው ግን የተለመደውን ካልተለመደው ይለያል። ተቆጣጣሪው በወር አንዴ ላይመጣ ይችላል፤ ወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ከሁሉም በፊት የመነሻ ልኬት

አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ካላችሁ ይህን አድርጉ። ቁፋሮ ሳይጀመር ውሃችሁን አስመርምሩ።

በፔንሲልቬኒያ ዲሞክ የምትባል መንደር አለች። በጥር 1 ቀን 2009 እዚያ የአንድ ቤት የውሃ ጉድጓድ ፈነዳ። ሚቴን ተጠራቅሞበት ነበር። ከዚያ የተከተለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። አንዱ ወገን “ከቁፋሮው የመጣ ነው” ይላል። ሌላው “ጋዙ ድሮም ውሃው ውስጥ ነበር” ይላል። በ2022 ኩባንያው የቀረበበትን የወንጀል ክስ አልከራከርም ብሎ፣ ለመንደሩ አዲስ የውሃ መስመር የሚሆን ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። 13 ዓመት ማለት ነው። በዚያ መሃል የተወለደ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል።

የፔንሲልቬኒያ የ2012 ሕግ ለዚህ አንድ መላ አለው። ከሼል ጋዝ ጉድጓድ በ2,500 ጫማ፣ 760 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያለ የውሃ ምንጭ ሥራው በተጠናቀቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበላሸ፣ ኩባንያው ጥፋተኛ እንደሆነ ይገመታል። አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ማምለጫውም እዚያው ተጽፏል። ከቁፋሮው በፊት ተመርምሮ ችግሩ ድሮም እንደነበረ ካሳየ ይተርፋል። ባለቤቱ “ውሃዬን አታስመረምሩም” ብሎ ከከለከለም ይተርፋል። ስለዚህ ተናደን በር መዝጋት ራሳችንን ይጎዳል። ያስመርምሩ፤ እናንተ ግን የውጤቱን ቅጂ ተቀበሉ፤ ከቻላችሁም በሌላ ላቦራቶሪ ለብቻ አስመርምሩ። እንግሊዝም በ2015 ሕጓ ከፍራኪንግ በፊት ለ12 ወር የከርሰ ምድር ውሃ ሚቴን ይለካ ብላለች። ዓመት ሙሉ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ውሃ በበጋና በክረምት አንድ አይደለም።

ናሙናው ሲወሰድ አጠገቡ ቁሙ። ቧንቧው ለደቂቃዎች ይፈስሳል፤ ቱቦ ውስጥ ያደረው ውሃ እንዲወጣ ነው። ለሚቴን የሚሆነው ጠርሙስ እስከ አፉ ይሞላል። ተገልብጦ ሲታይ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ መኖር የለባትም፤ ጋዙ ወደ አረፋው ያመልጣልና። ከዚያ ይታሸጋል፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል፣ ማን ለማን እንዳስረከበ የሚያሳይ ቅጽ ይፈረማል። ቅጹ ከጎደለ ፍርድ ቤት ጠርሙሱን ላይቀበለው ይችላል።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ያላችሁበት ደረጃ ይወስነዋል።

ፈቃዱ ገና ካልተሰጠ ጉልበታችሁን ሁሉ እዚህ ላይ አውሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግምገማው እስኪያልቅ ሥራው እንዲቆም፣ መድረኩን ኩባንያው ሳይሆን ገለልተኛ ሰው እንዲመራው፣ የመነሻ ልኬት እንዲጀመር ጠይቁ። የጽሑፍ አስተያየቱን አትዝለሉት፤ ግን ብቻውን አትመኑት። ሕጉ ለአካባቢው ሥልጣን የሚሰጥ ከሆነ የመሬት አጠቃቀም ደንቡን ከድምፅ መስጠት በፊት አስቡት። ከስሜት ይልቅ ደንብ በፍርድ ቤት ይቆማል።

ፈቃዱ ተሰጥቶ ቁፋሮ ካልተጀመረ “አይሁን” ማለት ይከብዳል፤ ያልረፈደ ነገር ግን አለ። የማስቆሚያ ቁጥር ፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ለመንቀጥቀጥም፣ ለውሃም፣ ለአየርም። መረጃው በቀጥታ ለሕዝብ ይታይ። ጉድጓዱን ለመዝጋት የሚሆን የዋስትና ገንዘብ ይያዝ። አሜሪካ በ2021 ባለቤት አልባ የሆኑ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶችን ለመዝጋትና ለማጽዳት ከሕዝብ ገንዘብ 4.7 ቢሊዮን ዶላር መድባለች። ኩባንያ ሊከስር፣ ሊሸጥ፣ ስሙን ሊቀይር ይችላል፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ይቀራል።

ቁፋሮው ከተጀመረ መድረክ እየጠሩ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። የማኅበረሰብ ክትትል፣ የተመዘገበ አቤቱታና ፍርድ ቤት ናቸው መንገዶቹ። አቤቱታ በስልክ አይበቃም። በጽሑፍ ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነገ ጠዋት ደብዳቤ ሊጽፍ ከሆነ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። ከቁፋሮው በፊት ውሃችንን ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ይለካል፤ ውጤቱስ በስንት ቀን ይደርሰናል? የትኛው ቁጥር ሲታለፍ ሥራው ይቆማል፤ የማስቆም ሥልጣኑስ የማን ነው? ጉድጓዱን ለመዝጋት የሚበቃ ገንዘብ በማን ስም፣ የት ተቀምጧል? ቀኑን ጽፎ፣ ሁለት ቅጂ አድርጎ፣ አንዱን አስገብቶ ሌላው ላይ ማህተም ያስመታ።